ሳህን ሳይታጠብ ሻይ የለም

ውድ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እያነበብሽው ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ግድግዳ ተደገፊ። ረጅሙ ባልሽ አጠገብሽ ካለ እሱንም አስቀምጪው፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ዱብ ዕዳ ከሰማ ሲወድቅ የቤት ዕቃ ይሰብርብሻል።

እነሆ በታላቅ ሐዘን የማስታውቅሽ ነገር አለ። የእናትሽ ልጅ፣ የአንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይ፣ የመስታወት ቤቱ የታወቀ ተሸካሚ፣ አንቺ «ምላሱ ከእሱ በፊት የሚነቃ» እያልሽ ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ፣ ደሙ ተመርምሮ ወድቋል። ሒሳብ ስወድቅ ችለሽዋል። ሳይንስ ስወድቅ «ቢያንስ ጤነኛ ነው» ብለሽ ተጽናንተሻል። ይኸው የቀረችሽ መጽናኛም ወደቀች።

አልቅሰሽ ከጨረስሽ ልቀጥል።

«ለምን አትደውልም ነበር?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። በስልክማ አይሆንም። ስትደውዪልኝ አንድ ቀልድ አወራሻለሁ፤ ትስቂያለሽ፤ ሳቅሽን ስሰማ ሌላ ቀልድ እንጂ እውነት አይመጣልኝም። ከዚያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «በላህ?» ትያለሽ። «በላሁ» እላለሁ። ስልኩ ይዘጋል። እኔም ክፍሉን ዞር ብዬ አያለሁ፤ ዞር ለማለት ብዙ ቦታ እንኳ የለውም። ወረቀት ግን አይስቅም። ስለዚህ ዛሬ እሑድ ከሰዓት፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ የጎረቤት ልብስ ሲንጠባጠብ እያየሁ እጽፍልሻለሁ።

የምሠራበትን ቤት ታውቂዋለሽ፤ ዙሪያው መስታወት ነው። ጠዋት ስገባ አርባ እኔ አብረውኝ ይገባሉ። ስቀመጥ አርባችንም እንቀመጣለን፤ ዳቦ ስቆርስ አርባችንም እንቆርሳለን። ታዲያ ከአርባ ሰው አንድ እንኳ «እስቲ ጨው አቀብለኝ» የሚል የለም። ሰው በሞላበት ቤት ብቻውን የዋለ ሰው እኔ ነኝ።

አለቃዬንም አትረሺውም፤ «ሚሊሜትር» ብዬ ያወጣሁለት። ከኪሱ ሜትር የማይለይ፣ የቤቱን በር ሲያልፍ እንኳ በዓይኑ የሚለካ ሰው ነው። የሱን ነገር ነግሬሻለሁ፦ የሳሙና ስባሪ እወስድና አዲስ የመጣ መስታወት ላይ ከጥግ እስከ ጥግ ቀጭን ስንጥቅ እሥላለሁ። ሚሊሜትር ይመጣል። ያያል። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ወይኔ ጉዴ!» ይላል። ከዚያ ሲጠጋ ሳሙና ይሸተዋል፤ ከዚያ እኔ እሮጣለሁ። አንዴ በሜትሩ ጅራፍ እግሬን አግኝቶኛል። ደስ ይል ነበር።

አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ጠራኝና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ፣ መስታወቴ ከተሰነጠቀ ቆየ» አለኝ።

«ታዲያ ደስ አይልህም?»

«አይለኝም። ምን ሆነሃል? ደም ግባትህ የት ሄደ? ፊትህ እኮ አመድ መስሏል።»

«መስታወቱ ቆሽሾ ነው» አልኩት።

«መስታወቱን ትናንት ራስህ ነህ የወለወልከው» አለኝ።

እውነት ለመናገር ስንጥቅ ለመሣል ጉልበት አጥቼ ነበር። ትስቂ ይሆናል። ግን ሳሙናዋን ለማንሳት ማጎንበስ ራሱ ዳገት ሆኖብኝ ነበር። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን ስሸከም ያደርኩ ይመስለኛል። አንድ ሌላ ጉድም አለ፣ ለረጅሙ እንዳትነግሪው፤ ጥሬ ሩዝ መቆርጠም ጀመርኩ። ኪሴ ውስጥ እይዝና እንደ ዶሮ ኩርሽም፣ ኩርሽም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ካልቆረጠምኩ ያቁነጠንጠኛል።

ከዚያ የደረጃው ነገር መጣ። እኔና ሚሊሜትር አንድ ትልቅ የግድግዳ መስታወት ይዘን ወደ አንድ ቤት ሦስተኛ ፎቅ እንወጣለን። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ልቤ ከበሮ ሆነ፤ ዓይኔ ጥቁር ነጠብጣብ ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ መስታወቱ የቆሸሸ መስሎኝ ልጠርገው አንድ እጄን አነሳሁ። ልብ በዪ፣ አንድ እጄን! ሚሊሜትር «ያዝ!» ብሎ ሲጮህ ጉልበቴ ታጠፈ። መስታወቱን ደረጃው ላይ እንደምንም አስቀመጥነው። አልተሰበረም። ሚሊሜትር ግን ላቡ በአገጩ እየወረደ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንተ ላይ ያለው ስንጥቅ በሳሙና የተሣለ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሐኪም ቤት ሂድ። ወረቀት ይዘህ እስክትመጣ ትልቅ መስታወት አትነካም። የፎቶ ክፈፍ ትቆርጣለህ።»

የፎቶ ክፈፍ! ወንድምሽ፣ ያ ግድግዳ የሚያህል መስታወት የሚሸከመው ጀግና፣ የሌላ ሰው ሠርግ ፎቶ ክፈፍ ሲቆርጥ ዋለ። የትልቁን መስታወት ሥራ ለምን እንደምወደው ነግሬሽ አላውቅም። ለሁለት ስለሚሠራ ነው። አንዱ «ቀኝ» ሲል አንዱ «እሺ» ይላል። የፎቶ ክፈፍ ብቻህን ነው የምትቆርጠው።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደም የምትቀዳዋ ልጅ ጠርሙሶቹን ስትደረድር አይቼ «ይህን ሁሉ ልትወስጂ ነው? ለእኔም ትንሽ ተይልኝ እንጂ» ብላት፣ ዓይኗን ሳታነሳ «አይዞህ፣ ቀለሙን ሳየው መጀመሪያም ብዙ የለህም» አለችኝ። አቻዬን አገኘሁ አልኩ በሆዴ።

ውጤቱን ሲሰጡኝ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ራሴ አነበብኩት። ምን ጎደለኝ፤ ማንበብ እችላለሁ፣ የጎደለኝ ማስተዋል ነው። በአንድ በኩል የኔ ቁጥር፣ አጠገቡ ደግሞ ሁለት ሁለት ቁጥር በጭረት ተያይዞ ተጽፏል። እኔ የፈተና ወረቀት መሰለኝ። ሄሞግሎቢን የሚለው ላይ የኔ 9.1 ነው፤ ጎኑ 13–17 ይላል። «ከአሥራ ሰባት ዘጠኝ፤ ለእኔ መጥፎ አይደለም፤ ግማሹን አልፌያለሁ» አልኩ። ኮሌስትሮል ላይ 118! በዕድሜዬ መቶ አምጥቼ አላውቅም። ፕሌትሌት የሚባል ነገር ደግሞ 468፤ እዚያ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር 450 ነው። ከሚሰጠው ማርክ በላይ አመጣሁ ማለት ነው። አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ «እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ፣ ደሜ ክፍሉን አንደኛ ወጥቷል» ብላቸው፣ ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን አዩና «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ያኔ ትንሽ ደነገጥኩ።

ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ስለ ማርኬ ስነግራት ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ና፣ ተማሪ፣ ተቀመጥ» አለች። «እነዚህ ሁለት ቁጥሮች አጥር ናቸው። ጨዋታው አጥሩ ውስጥ መገኘት ነው እንጂ መብለጥ አይደለም። ኮሌስትሮልህ አጥሩ ውስጥ ነው፤ ይሁን፣ እሱን ተወው። ፕሌትሌትህ አጥሩን የዘለለው ስለጎበዝክ አይደለም፤ ብረት ሲጎድል አንዳንዴ እንዲህ ይዘላል። ሄሞግሎቢንህ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ሜዳ ላይ ተኝቷል።»

«የሱ ሥራ ምንድን ነው?»

«አየር መሸከም። ከሳንባህ ተቀብሎ ወደ ሰውነትህ ያደርሳል።»

«እንደኔ ተሸካሚ ነዋ!»

«ተሸካሚ ነው። ግን ያንተዎቹ ተሸካሚዎች ቁጥራቸው ማነሱ ሳይበቃ ቀጭጨው፣ ገርጥተው ነው ያሉት። ለምን ብትለኝ፣ ይኸውልህ፣ ፌሪቲን የሚለውን እይ። ይህ የብረት ጎተራህ ነው። አምስት። ተጠርጎ አልቋል። ጎተራው ባዶ ሲሆን አዲስ ሴል በምን ይሠራ?»

ከዚያ ሳቋን ትታ ጠየቀችኝ። ወንድ ልጅ ብረት ካነሰው ደም በሆነ ቦታ እየፈሰሰ እንዳይሆን መታየት አለበት አለች። ሌላም ምርመራ አዘዘች፤ የትኛውን ዕቃ ይዤ የትኛውን ክፍል እንደገባሁ ለእህት አይጻፍም። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ መጣ። ትል የለም፣ የሚፈስ ደም የለም። ስለ ጥሬ ሩዙም ስነግራት ምንም አልገረማትም፤ ብረት ያነሰው ሰው እንዲህ ያምረዋል አለች። ቀጥሎ ጥያቄው መጣ።

«ምንድን ነው የምትበላው?»

«ጠዋት ዳቦ በሻይ። ቀን ዳቦ በሻይ። ማታ ግን ለውጥ አደርጋለሁ።»

«ማታ ምን?»

«ሻይ በዳቦ።»

አልሳቀችም። «ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» አለችኝ።

«ከአንድ ድስትና ከሁለት ሳህን ጋር።»

«ሁለተኛው ሳህን የማን ነው?»

እህቴ፣ ለዚህ ጥያቄ ቀልድ አጣሁለት። ተዘጋጅቼ አልሄድኩማ። ያቺ ጠርዟ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት ያንቺ ሳህን፣ መደርደሪያው ላይ እንደተደፋች ናት። አላነሳኋትም። አንቺ እያለሽ ያቺ ሳህን ባዶ ሆና ውላ አታውቅም፤ አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ጎመን፣ ደሞዝ ሲወጣ ጉበት፣ ሌላ ጊዜ እንቁላል። «ለአንድ ሰው ድስት መጣድ ያሳፍራል» ብዬ ነው የተውኩት። ሽንኩርት ከትፌ ለራሴ ብቻ ላለቅስ ነው?

«የእህቴ ነው» አልኩ። ሐኪሟ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደችና መጻፍ ጀመረች።

የብረት ኪኒን ጻፈችልኝ። ምስር ብላ፣ ባቄላ ብላ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ከተገኘ ሥጋና ጉበት፤ ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ብርቱካን ወይም ቲማቲም ይኑር፣ ብረቱን ወደ ደም ያስገባልሃል አለች። ሌላም ብዙ ተናግራለች። እኔ ግን ውስጤን ለመሸፈን ስለ አለቃዬ ሜትር እያወራኋት ስለነበር ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁትን ግማሽ ይዤ ወጣሁ። ጣጣው የመጣው ካልሰማሁት ግማሽ ነው።

አሁን ስለ ጋሽ ዝምታ ልንገርሽ፤ እሱን አታውቂውም፣ ከሄድሽ በኋላ ነው የተቀጠረው። የመስታወት ቤቱ ዘበኛ ነው። ስሙ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ራሱም የሚናገር ስላልሆነ እንዲህ አልኩት። በሩ ጋ ሁለት ብሎኬት አለ። በምሳ ሰዓት አንዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከፔርሙዝ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይቀዳል፤ አንዱን ባዶው ብሎኬት አጠገብ ያስቀምጣል። የመጀመሪያ ቀን በዚያ ሳልፍ ብርጭቆዋን በአገጩ አሳየኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ዳቦዬን ይዤ እዚያ ነበርኩ። እኔ አወራለሁ፤ እሱ «እህ» ይላል። ሀዘን ሲሆን ረዘም ያለ «እህ»፣ ቀልድ ሲሆን አጠር ያለ «እህ»። ከሄድሽ ወዲህ ከሰው ጋር የምበላው ያቺን አንዲት ምሳ ብቻ ነበር።

ኪኒኑንም እዚያው፣ በጋሽ ዝምታ ሻይ፣ በየቀኑ ዋጥ አደረግኩት። ታማኝነቴ! ምስርም መቀቀል ጀመርኩ። የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛው ሾርባ ሆነ። ሦስተኛው ምስር ሆነ፤ በዳቦ ይዤው ሄድኩና በሻይ አወራረድኩት። ሐኪሟ ድጋሚ ና ያለችበት ቀን ሲደርስ አጥሩ ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

9.3።

«እየዋጥክ አይደለም» አለችኝ ሐኪሟ።

«እህቴ ትሙት!» አልኩ። ይቅርታ፣ በአንቺ ማልኩ፤ ሌላ የምምልበት ሰው ስላጣሁ ነው።

«በምንድን ነው የምትውጠው?»

«በሻይ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ምስሩንስ?»

«በሻይ።»

«የኔ ልጅ፣» አለች፣ «ሻይ ሆድህ ውስጥ ብረቱን ያዝ ያደርገውና ወደ ደም እንዳይገባ አድርጎ ይዞት ይወጣል። እኔ በኪኒን አስገባለሁ፣ አንተ በሻይ ሸኝተህ ታስወጣለህ። ባለፈው ነግሬህ ነበር፤ አንተ ስለ ሜትር ታወራ ነበር። ኪኒኑ በውሃ። ከምግብና ከኪኒን ጋር ሻይ የለም። ካማረህ ከበላህ አንድ ሁለት ሰዓት ቆይተህ ጠጣ።»

ከዚያ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምኩ። ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አንቺ ድስቱ አጠገብ ቆመሽ፣ ጭልፋውን እንደ ዱላ ይዘሽ፣ «ሳህን ሳይታጠብ ሻይ የለም!» ስትዪ። እኔ ደግሞ ሳህን ማጠብ እንደ ሞት ስለምፈራ፣ ዛሬ ሆዴን፣ ነገ ወገቤን እያልኩ ሁለት ሰዓት አስቆጥርሽ ነበር። ሻዩ ሲመጣ ምሳው ወርዶ አልቋል። ምስሩ ላይ ሎሚ ስትጨምቂም «ለምን ታኮመጥጪዋለሽ፣ ፊትሽ አይበቃም?» ብዬ ስንቴ ቀልጄብሻለሁ። ይኸው አንቺ በሎሚሽ፣ እኔ በስንፍናዬ፣ ሳናውቀው ጎተራዬን ስንሞላ ኖረናል። ብቻዬን ሳቅኩ። አንድ ሰውዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ መሳቄን ተውኩ፤ የምነግረው ሰው አጠገቤ ስላልነበረ አልጣፈጠኝም።

አሁን «ታዲያ ሻዩን ተወዋ፣ ምን ችግር አለው?» ትያለሽ። ችግር አለው። እዚያ ብሎኬት ላይ «ና ተቀመጥ» ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ የጠራኝ ሻዩ ነው። ሻይ አልጠጣም ካልኩ፣ ምን ብዬ ነው የምቀመጠው? ጋሽ ዝምታ እንደሆነ አይናገርም። «እንግዲህ ሂድ» ሳይል ሊለኝ ይችላል። ደሜን ላድን ብዬ ያቺን ምሳ ልጣ? ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር፤ ሌላ አይደለም።

እና እንደ ልማዴ መዋሸት ጀመርኩ። መጀመሪያ ቀን ሳልፍ ብርጭቆዋ ተቀድታለች። «ጋሼ፣ ጥርሴን አሞኛል፣ ትኩስ አልችልም» አልኩና አለፍኩ። በማግስቱ «አለቃዬ ውስጥ ብላ ብሎኛል» አልኩ። ሌላ ቀን «ሻይ ዕድሜ ያሳጥራል ሲሉ ሰማሁ» አልኩ። ይህችኛዋ ከአፌ ስትወጣ ገባኝ፤ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሻይ የጠጣ። «እህ» አለ። የትኛው «እህ» እንደሆነ መለየት አቃተኝ። በመስኮት ሳይ ግን የኔን ብርጭቆ እስኪበርድ ይጠብቅና አጥሩ ሥር ካለችው ተክል ላይ ይደፋዋል።

ውስጥ ከአርባ እኔዎች ጋር ምስሬን በሎሚ በላሁ። አርባችንም ሎሚው ሲነካን አንድ ላይ ፊታችንን አጨማደድን። ኪኒኑን በውሃ ዋጥኩ። ሰውነቴ መበርታት ጀመረ፤ ጥሬ ሩዙም ተረሳኝ። ደሜ እየሞላ ሲሄድ ግን እኔ እየጎደልኩ መጣሁ። አንድ ቀን በመስኮት አየሁ። ጋሽ ዝምታ ፔርሙዙን ከፈተ። አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ክዳኑን አጠበቀ።

አንድ።

እህቴ፣ ያቺን ሌላኛዋን ብርጭቆ ፈልጌ ብሎኬቱን፣ መሬቱን፣ የጋሽ ዝምታን ኪስ ሳይቀር በዓይኔ ፈተሽኩ። የለችም። የምስር ሳህኔን አንስቼ ወጣሁና ሳልጠራ ባዶው ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። ቀልድ ልጀምር ብዬ አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ጋሼ፣ ጥርሴን አሞኝ አልነበረም።»

«እህ።»

«ደሜን አሞኝ ነው። ብረት የለውም። ሻይ ከምግብ ጋር ጠላቱ ነው አሉኝ። ሻይ ካልጠጣሁ ደግሞ እዚህ መቀመጫ የለኝም ብዬ ፈራሁ።»

ከዚያ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠና በሕይወቴ ከሱ የሰማሁትን ረጅሙን ነገር ተናገረ።

«አንተ ቀልማዳ፣ ይህን ለመናገር ነው እንዲህ የሸሸኸኝ? እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሰለቸው ብዬ ብርጭቆዋን መለስኳት። የሚስቴ ነበረች። ካረፈች ወዲህ ከሳጥን ያወጣኋት ላንተ ነው።»

ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«ሻይ እግር የለውም» አለ ጋሽ ዝምታ። «የትም አይሄድብህም። ምሳ በምሳ ሰዓት፤ ሻይ ከሥራ ስትወጣ። ደግሞ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል። እስቲ ከዚያ ምስር ወዲህ በል።»

ቀመሰ። አላመጠ። ፊቱ እንደ አርባዎቹ ተጨማደደ።

«ጨው የለውም» አለ።

በማግስቱ ከቤቱ ቲማቲምና በወረቀት የተጠቀለለ ጨው ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ ምስሩን በሁለት ሳህን ይዤ ሄድኩ። ይኸውልሽ፣ ያንቺን ሳህን አነሳኋት፤ ጋሽ ዝምታ ይበላባታል። ቅር እንዳይልሽ። ስትመጪ ትመለስልሻለች፤ እስከዚያ ግን ተደፍታ ከምትውል ሰው ይብላባት ብዬ ነው። ሰማያዊው መስመር ጋ ሲደርስ በዳቦ አዙሮ ይጠርጋል፤ አንቺን ነው የሚመስለው።

ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ተመረመርኩ። ደም የምትቀዳዋ ልጅ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አነሳችና «ዛሬ እንኳ ቀይ ነው» አለችኝ። 12.6። አጥሩ ውስጥ ገና አልገባሁም፤ አንድ እግሬን ግን ሰቅያለሁ። ጎተራውም አሥራ ዘጠኝ ገብቷል። ሐኪሟ «ቁጥሩ አጥር ውስጥ ሲገባ ኪኒኑን እንዳታቆም፤ ጎተራው እስኪሞላ ወራት ይፈልጋል» አለች። ይህን ሙሉውን ሰማሁ። ስለ ሜትር ትንፍሽ አላልኩም።

ወረቀቱን ለሚሊሜትር ሰጠሁት። ቁጥሮቹን እንደ መስታወት ልክ ሁለት ጊዜ አነበበና «አሥራ ሦስት ለመሙላት ዜሮ ነጥብ አራት ይቀርሃል» አለ። እሱ መቼም ትንሽ ጉድለት አያልፈውም። ቢሆንም በማግስቱ አንድ የመታጠቢያ ቤት መስታወት ከእሱ ጋር ተሸከምኩ፤ መሬት ለመሬት፣ ደረጃ የሌለበት። «ቀኝ» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ትናንት ጠዋት ደግሞ ቀደም ብዬ ገባሁና አዲሱ መስታወት ላይ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ የሚያምር ስንጥቅ ሣልኩለት። ሚሊሜትር መጣ። አየ። እጁን ራሱ ላይ ሊጭን አነሳና መሃል ላይ ተወው። ተጠግቶ በአውራ ጣቱ ጫፉን ጠረግ አደረገ፣ አሸተተው። ለሩጫ ተዘጋጅቼ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። «ተመስገን» አለና ወደ ሥራው ሄደ። እህቴ፣ በሕይወቴ እንዲህ የከሸፈብኝ ተንኮል የለም። እንዲህ ደስ ያለኝም የለም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ስትደውዪ መጨረሻ ላይ «በላህ?» አትበዪኝ። እሱን እዋሻለሁ፤ ለምዶብኛል። «ምን በላህ?» በዪኝ፤ ቀጥለሽ «ከማን ጋር?» በዪኝ። ሁለተኛዋን ጥያቄ ለመዋሸት እቸገራለሁ። አንዳንድ እሑድ ደግሞ ጊዜ ካለሽ ምሳ ሰዓት ደውዪና ስልኩን ሳህንሽ አጠገብ አስቀምጪው፤ እኔም ድስቱ ላይ አስደግፈዋለሁ። መናገር የለብሽም። ስታኝኪ ብሰማ ይበቃኛል። እሑድ እሑድ ጋሽ ዝምታ የለም፤ ክፍሉ ደግሞ መስታወት እንኳ የለውም።

በይ እንግዲህ፣ እንባሽን ጥረጊ፣ ረጅሙም ይነሳ። መለስ ብዬ ሳነበው በዚህ ሁሉ ወረቀት ያስደነገጥኩሽ ነገር ይህን ያህል የሚያስወራ አልነበረም። ወንድምሽ ብረት አነሰው፤ ሻይ ያለ ቦታው ጠጣ፤ በቃ። በውሃና በሎሚ የሚድን ነገር ነው። ሐኪሟም እንዲህ ያለ በቀን ብዙ ሰው ታያለች፤ የማንም ስም አይያዝላትም።

ምስሩን አሁን በልቼ ጨረስኩ። ሻይ አምሮኛል፤ ግን ሳህኑ አልታጠበም። ለማጠብ ደግሞ፣ እንደምታውቂው፣ ወገቤን እያመመኝ ነው።

ሁለት ሰዓት የሚጠብቀው ታናሽ ወንድምሽ